ውሃውን ማን ነው የሚደምረው?

ይሄ ረጅም ጽሁፍ ነው፤ ቸኩላችሁ ከሆነ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ኮሜንት ላይ «ቲቸር አሳጥረው» የምትሉትን ከወዲሁ አውቃችኋለሁ፣ ኖት ሳጽፋችሁም እንደዚሁ ነበራችሁ።

ባለፈው ሳምንት የስልኬ ስክሪን ተሰነጠቀና መናኸሪያው አጠገብ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች አንዱ ጋ ገባሁ። የሚጠግነው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር!» ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ጢም አውጥቷል፣ ወፍሯል። ስሙን ሲነግረኝ ግን ወዲያው ትዝ አለኝ። እዚህ ስሙን አልጽፍም፣ ፈቃዱን አልጠየቅኩም። አስቀምጦኝ ሻይ አዘዘልኝ፣ ስክሪኑን እየፈታም አንገቱን ሳያቀና «ቲቸር፣ ያንን ውሃ ማን እንደሚደምረው አወቁት?» ብሎኝ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ይመስለኛል፣ የከሰዓት ፈረቃ፣ 10ኛ ክፍል፣ ከሰባ በላይ ተማሪ። ትምህርቱ ሞገድ ነው። መጽሐፉ ላይ ሪፕል ታንክ የሚባል የሞገድ ማሳያ ዕቃ ተስሏል፤ እኛ ጋ ስዕሉ እንጂ ዕቃው የለም። ስለዚህ ከቤት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዤ መጣሁ (ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች)። ውሃ ሞልቼ በሁለት እስክሪብቶ መታ መታ አደረግኩት። ክብ ክቡ ሞገድ ከሁለት በኩል ተነስቶ መሃል ላይ ሲገናኝ «እዩ፣ የተገናኙበት ቦታ ላይ የውሃው ከፍታ የሁለቱ ድምር ነው። አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከሆነ ይጣፋሉ። ይሄ ሱፐርፖዚሽን ይባላል፣ ጻፉ» አልኩ።

እሱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማን ነው የሚደምረው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማለቴ… ውሃው ቁጥር አያውቅም። ሳፋው ላይ ስንት ቦታ አለ። በሁሉም ቦታ በአንዴ ማን ነው የሚደምርለት?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሰዓቱ ሊያልቅ ስለሆነ፣ ደግሞም መልሱን ስለማላውቀው፣ «ፈተና ላይ አንተ ነህ የምትደምረው፤ ቁጭ በል» አልኩት። ክፍሉ ይበልጥ ሳቀ። ልጁ ቁጭ አለ። በዚያ ዓመት እጁን ሁለተኛ ሲያወጣ አላየሁትም።

የዛሬው ጽሁፌ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ምክንያቱም ጥያቄው በዓለም ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚሠራበት ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለፈው ስለ ኳንተም ትንሽ ስለጥፍ «በዲፕሎማ ኳንተም?» ብሎ ኮሜንት ያደረገው ወንድሜ፣ አዎ፣ በዲፕሎማ። ማንበብ ዲግሪ አይጠይቅም። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ ደስ ይለኛል። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

በሳፋው እንጀምር። በ2003 እንግሊዝ አገር ክሪሳንታ ፈርናንዶ እና ሳምፕሳ ሶጃካ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «በባልዲ ውስጥ ቅርጽ መለየት» ብለው የሰየሙት አጭር ጥናት አወጡ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀልድ አይደለም። ውሃ ያለበት ግልጽ ዕቃ ወሰዱ፤ የሌጎ መጫወቻ ሞተሮች ውሃውን እንዲያንቀጠቅጡት አደረጉ፤ የውሃውን ገጽ በካሜራ ቀረጹ። ከዚያ አንድ ሰው «ዜሮ» ወይም «ዋን» ሲል የተቀዳውን ድምጽ ወደ ሞተሮቹ እንቅስቃሴ ቀየሩት። ሞተሮቹ ውሃውን ያናውጣሉ፣ ካሜራው የሞገዱን ቅርጽ ያያል፣ መጨረሻ ላይ ያለች በጣም ቀላል ፕሮግራም የትኛው ቃል እንደተባለ ትለያለች። ፕሮግራሟ ብቻዋን ከባዱን ሥራ አትችልም። ከባዱን ሥራ የሠራው ውሃው ነው።

ውሃው ምን ሠራ? የደረጃ መብራት አስቡ፤ ከላይ አንድ ማብሪያ፣ ከታች አንድ ማብሪያ ያለውን። አንዱ ብቻ ሲገለበጥ ይበራል፤ ሁለቱም ሲገለበጡ ይጠፋል። ይሄንን «ወይ ይሄ ወይ ያ፣ ሁለቱም ግን አይሆንም» የሚለውን ሕግ ሌጣዋ ፕሮግራም መማር አትችልም። ምክንያቱም እሷ የምታውቀው ነገር ቢኖር ወረቀት ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምራ «ከመስመሩ ወዲህ አዎ፣ ከመስመሩ ወዲያ አይደለም» ማለት ነው። አራት ማዕዘን ስሩና በሰያፍ ትይዩ ያሉትን ሁለት ጫፎች «ይበራል»፣ ሌሎቹን ሁለቱን «ይጠፋል» በሏቸው። በአንድ መስመር ለዩዋቸው እስቲ። አይቻልም፤ ሞክሩት። ባልዲው ግን ያንን ፈተና አለፈ። ሁለቱ ነገሮች ውሃው ላይ ተቀላቅለው፣ ተጋጭተው፣ ከዳር ተመልሰው በመቶ በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ሲዘረጉ፣ ወረቀት ላይ የማይለየው ነገር በአንድ መስመር የሚለይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ ውሃው ወዲያው አይረጋም። የቅድሙ ሞገድ ሳይጠፋ አዲሱ ይመጣል። ስለዚህ ለአፍታ ያህል ያስታውሳል ማለት ነው፤ ንግግር ለመለየት ደግሞ ያለ ማስታወስ አይሆንም። ይሄ ዘዴ ዛሬ ሪዘርቮየር ኮምፒውቲንግ ይባላል። ሪዘርቮየር ማለት እንግዲህ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ክፍል ውስጥ «ድምር ነው፣ ጻፉ» ያልኩት ራሱ ግማሽ እውነት ነበር። ሞገዱ ትንሽ ሲሆን ድምር ነው። ጠንከር ሲል ግን ውሃው ከድምሩ ዝንፍ ይላል፣ ሞገዶቹ ይነካካሉ። ወደ ካሜራው የሚደርሰውም ብርሃን ከውሃው ከፍታ ጋር እኩል በእኩል አይሄድም። እና ያ መዛነፍ ነው ወርቁ። ንጹህ ድምር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልዲው የደረጃ መብራቱን ጥያቄ አይፈታም ነበር፤ የፈለግነውን ያህል ብንደምር ቀጥታው መስመር ቀጥታ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሁለት ክፍል አለው። የሚደምረው ተፈጥሮ ራሱ ነው፣ በሁሉም ቦታ በአንዴ፣ በነጻ። የሚያስበው ደግሞ (ቃሉን በጥርጣሬ ነው የምጠቀመው) ከመደመር ያፈነገጠው ክፍል ነው። ይቺን «መደመር» እና «ማፈንገጥ» ያዙልኝ፣ ብርሃኑ ጋ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ሰው ለምን ወደ ባልዲ ሄደ? ኮምፒውተር እያለ?

ምክንያቱ መብራት ነው። የአሁኑ ኮምፒውተር አሠራር ወጥ እንደምትሠራ ሴት ነው፣ ግን ማዕድ ቤቷ አንድ ሰፈር፣ ጓዳዋ ሌላ ሰፈር። ሽንኩርት ለማምጣት ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትከትፋለች። በርበሬ ለማምጣት ትሄዳለች። የከተፈችውን ደግሞ ጓዳ ልታስቀምጥ ትመለሳለች። ጉልበቷ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው። ፕሮሰሰር እና ሚሞሪ እንደዚህ ተለያይተው ነው የሚኖሩት፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠር ቁጥር እያባዛ የሚደምር ፍጥረት ስለሆነ ምልልሱ ወሰን የለውም። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው በ2024 የዓለም ዳታ ማዕከላት ወደ 415 ቴራዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልተዋል። የእኛ ህዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተገመተው ወደ 15.7 ነው። አካፍሉት። ሃያ ስድስት ህዳሴ! ሁሉም ለአስተውሎት አይደለም የዋለው፣ ግን የሚያድገው በዚያ በኩል ነው።

የእናንተ አንጎል ደግሞ ይሄንን ጽሁፍ እያነበበ፣ ልጅ እየተቆጣ፣ የወጥ ሽታ እየለየ በ20 ዋት አካባቢ ይሠራል። አንዲት ደህና ኤልኢዲ አምፖል ማለት ነው። ሰማንያ ስድስት ቢሊዮን ገደማ ነርቭ። እዚያ ውስጥ ጓዳ እና ማዕድ ቤት አልተለያዩም፤ የሚያስታውሰውና የሚያሰላው ያው ራሱ መገጣጠሚያ ነው። ካርቨር ሚድ የሚባል የካልቴክ ፕሮፌሰር በ1980ዎቹ መጨረሻ «ከዚህ እንማር» ብሎ ኒውሮሞርፊክ የሚለውን ስም አወጣለት። አይቢኤም በ2014 ያወጣው ትሩኖርዝ የሚባል ቺፕ አንድ ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮች ይዞ የሚበላው 70 ሚሊዋት አካባቢ ነበር፤ የአንድ ዋት አንድ አስረኛ እንኳን አይሞላም።

ሌላው ደስ የሚለኝ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፣ የ2022። ስፒከር ላይ የቲታኒየም ዝርግ ብረት አሰሩ፤ ልክ እንደኛ ሰርግ ቤት ሞንታርቦ ሲንቀጠቀጥ ማለት ነው። በእጅ የተጻፉ ቁጥሮችን ወደ ድምጽ ቀይረው ብረቱን አንቀጠቀጡትና መልሰው ሰሙት፤ እንዴት እንደሚነዘንዙት ደግሞ በኮምፒውተር እያሠለጠኑ አስተካከሉት። ብረቱ ከመቶ 87 ያህሉን ለየ። ብረት! በጣም የሚገርመው ማሰልጠኛ ዘዴው ነው፤ ለብረት፣ ለኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት፣ ለሌዘር ያው አንዱ ዘዴ ሠራ። ማለትም የሚንቀሳቀስና ከመደመር የሚያፈነግጥ ማንኛውም ነገር ተማሪ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ብርሃን።

ብርሃን ለመደመር የተፈጠረ ነው። ፈጣን ነው፣ ሽቦ ውስጥ እንደሚሄድ ኤሌክትሪክ መንገዱን አያሞቅም፣ ብዙ ቀለም በአንድ መንገድ ሳይጣላ ይሄዳል። በ2017 ኤምአይቲ ላይ 56 ትንንሽ የብርሃን መገናኛዎችን አንድ ቺፕ ላይ ሠርተው ማባዛትና መደመሩን ለብርሃን ሰጡት። የእንግሊዝኛ አናባቢ ድምጾችን እንዲለይ አሠለጠኑት። ውጤቱን ተመልከቱ፤ ቺፑ 76.7 በመቶ፣ ተራው ኮምፒውተር 91.7 በመቶ። ተሸነፉ! እና ሽንፈታቸውን ቁጭ አድርገው ጽፈው አወጡት። ሳይንስ ማለት ይሄ እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እናገራለሁ፤ ላብ ሪፖርት ላይ «ቲቸር ስንት እንዲመጣ ነው የሚፈለገው?» እያላችሁ ለምታስቸግሩኝ ይድረስ።

የብርሃን ችግሩ ማፈንገጥ አይችልም። ሁለት የእጅ ባትሪ አንዱን በአንዱ ላይ አቋርጣችሁ አብሩ። ይጋጫሉ? አይጋጩም። አንዱ በሌላው ውስጥ ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል። ጥሩ ጨዋነት ነው፣ ግን ለማሰብ አይመችም፤ ቅድም እንዳልነው ድምር ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ብዙዎቹ የብርሃን ኮምፒውተሮች ደምረው ሲጨርሱ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይሩትና ማፈንገጡን እዚያ ያደርጋሉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ብርሃን። በዚህ ምልልስ ያተረፉትን መልሰው ይበሉታል። እኔ የዘርፉ ዋና ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ የዜና ርዕስ ላይ ግን አታገኙትም።

ኳንተሙ የሚገባው እዚህ ነው፣ እና ሰው ከሚያወራው ሁሉ ይሄ ነው እኔን ያስደነቀኝ።

ብርሃንን አሳንሳችሁ አሳንሳችሁ አንድ ፎቶን ብቻ አስቀሩ። ግማሹን የሚያሳልፍ ግማሹን የሚመልስ መስታወት ላይ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ፎቶኖች ከሁለት በኩል በአንድ ጊዜ ላኩ። ተራ ሰው እንደሚያስበው አንዳንዴ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ መውጣት ነበረባቸው። አይወጡም። ሁልጊዜ ተያይዘው በአንድ በር ነው የሚወጡት፣ ወይ ሁለቱም በግራ ወይ ሁለቱም በቀኝ። በ1987 ሆንግ፣ ኡ እና ማንደል ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሳዩት። ተነካክተው አይደለም! ፎቶኖች እንዳልኳችሁ አይነካኩም። የሚሆነው ይሄ ነው፤ ለየብቻ የሚወጡባቸው ሁለት አጋጣሚዎች አሉ፣ ሁለቱም ያልፋሉ ወይም ሁለቱም ይመለሳሉ። እነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጌቲቭ ሆነው ተደምረው ዜሮ ይመጣሉ። ልክ እንደ ሳፋው፣ ወደ ላይ የወጣው ሞገድ ወደ ታች ከወረደው ጋር ሲጣፋ። እዚህ ግን የሚደመረው ውሃ ሳይሆን አጋጣሚው ራሱ ነው። ማን ነው የሚደምረው? ጥያቄው እንደገና መጣ፣ አሁን ደግሞ ከበፊቱ ከበደ።

ፎቶኖቹን ብታበዙስ? 12ኛ የጨረሳችሁ ዲተርሚናንት ታስታውሳላችሁ፤ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ እያላችሁ። ማይነሱን ሁሉ ፕላስ አድርጉት፣ ፐርማነንት የሚባል ነገር ይሆናል። የሚቀል ይመስላል አይደል? ተቃራኒው ነው። ዲተርሚናንቱን ረድፍ ከረድፍ እየቀነሳችሁ ታቀሉት ነበር፤ ፐርማነንት ግን ያ ዘዴ አይሠራለትም፣ ሰንጠረዡ ከፍ ሲል የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ይንበረከካል። ፎቶኖች በመስታወቶች መረብ ውስጥ ሲያልፉ የት የት እንደሚወጡ የሚወስነው ደግሞ ይሄው ስሌት ነው። ስኮት አሮንሰን እና አሌክስ አርኪፖቭ በ2011 ይሄንን ይዘው «እንግዲያው ተፈጥሮ ከኮምፒውተር በላይ መሥራቷን በዚህ እናሳይ» አሉ። በ2020 ሄፌይ ከተማ ያለው የቻይና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ እነ ፓን ጂያንዌይ፣ በጥንቱ የቻይና የሂሳብ መጽሐፍ ስም ጂውዣንግ ብለው የሰየሙትን መሣሪያ ሠሩ። ዘዴው የዚያው የቅርብ ዘመድ ነው። እስከ 76 ፎቶን ቆጠሩና «እኛ በ200 ሰከንድ የሠራነው ለሱፐር ኮምፒውተር 2.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል» አሉ።

ያኔ ፌስቡክ ላይ ያላየው የለም። «2.5 ቢሊዮን ዓመት» ብሎ ሼር ያደረገው ሰው ግን ሁለት ነገር አልነገራችሁም። አንደኛ፣ መሣሪያው የፈታው ችግር ለማንም ምንም የማይጠቅም ችግር ነው፤ ከባድ መሆኑ ብቻ ነው የተፈለገው። የዕቃ ብዛት ሳይሆን የመንገዱን አቀበት ለማሳየት ባዶ ጆንያ ተሸክሞ ተራራ እንደመውጣት። ሁለተኛ፣ እንደዚህ ባሉ መሣሪያዎች ውስጥ ብዙ ፎቶን መንገድ ላይ ይጠፋል፣ እና በ2024 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ ይሄንን መጥፋት ተጠቅሞ ትልልቆቹን ሙከራዎች በተራ ኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ቢሊዮን ዓመቱ በአንድ ብልህ ሀሳብ ተነነ። ቻይኖቹን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ መሣሪያው ድንቅ ነው። ግን ቁጥር ሲነገራችሁ «ከምን ጋር ተወዳድሮ?» በሉ።

ማፈንገጡስ? ፎቶን ካልተነካካ በምን ያስባል? መልሱን በ2001 ክኒል፣ ላፍላም እና ሚልበርን የሚባሉ ሰዎች አገኙት፣ እና መልሱ እኔን ሁለት ቀን እንቅልፍ አሳጥቶኛል። መለካት! ፎቶኑን የመቁጠር ድርጊት ራሱ፣ ቆጥሮም በውጤቱ መሠረት ቀጣዩን ማስተካከል፣ የጎደለውን ማፈንገጥ ይሰጣል። ዳኛው ሲያይ ጨዋታው ይቀየራል እንደማለት።

ከዚህ ተነስተው በ2022 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከጣሊያን ሚላን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሁለቱን ዓለም አንድ ያደረገ ነገር ሠሩ፤ ኳንተም ሜምሪስተር። ሜምሪስተር ሊዮን ቹዋ በ1971 በወረቀት ላይ ያሰበው፣ ኤችፒ በ2008 «አገኘሁት» ያለው ዕቃ ነው። ያለፈበትን የሚያስታውስ ሬዚስተር በሉት። ሳር ላይ ሰው ሲመላለስ መንገድ ይወጣል፤ ብዙ የተሄደበት ይቀላል። የአንጎላችን መገጣጠሚያዎችም እንደዚያ ናቸው። ቪየናዎቹ ይሄንን በአንድ ፎቶን አደረጉት፤ ብርሃን ከፋዩ ላይ ከሁለቱ በሮች አንዱን ይለካሉ፣ እስካሁን በለኩት መሠረት ከፋዩ ስንቱን እንደሚያሳልፍ ይቀይራሉ። የቅድሙ ፎቶን ለቀጣዩ መንገድ ያበጃል፣ ያም ሆኖ ቀጣዩ ፎቶን ኳንተምነቱን አላጣም። የሠሩት አንድ ፍሬ ነው። ብዙ ሆነው ሲገናኙ ቅርጽ መለየት እንደሚችሉ ያሳዩት በኮምፒውተር ማስመሰያ እንጂ በዕቃው አይደለም። አንድ ፍሬ የአንጎል መገጣጠሚያ እንበለው፣ ያውም ተበድረን። ግን አቅጣጫው ገባችሁ?

አሁን አስተያየቴ።

አንደኛ፣ «ኳንተም» የሚለው ቃል አገራችን ውስጥ እየተሰረቀ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት የእቁብ ዕጣው ሲደርሰው «በኳንተም አስተውሎት የሚነግድ ሮቦት ነው፣ በየቀኑ 3 በመቶ» ወደሚል የስልክ መተግበሪያ ከተተው። ሁለት ሳምንት ቁጥሩ እያደገ አየ። ከዚያ መተግበሪያው አልከፈት አለ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም፣ ከእኔ በላይ የተማረ ነው። ከማስገባቱ በፊት ግን ስታፍ ሩም ውስጥ «ኳንተም እኮ ፊዚክስ ነው፣ እውነት ነው አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ፈተና እያረምኩ «አዎ ፊዚክስ ነው» አልኩት። አላብራራሁም። አያችሁ፣ ሁለት ሰው በአንድ ዓይነት ስንፍና ነው የበደልኩት። ስለዚህ አሁን በግልጽ ልጻፈው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የፎቶን ኳንተም ማሽኖች በአብዛኛው ገና የሙከራ ደረጃ ላይ ናቸው። ፎቶኑን የሚቆጥሩት ምርጥ መሣሪያዎች ከዜሮ በታች ወደ 270 ዲግሪ ተቀዝቅዘው ነው የሚሠሩት። የአውስትራሊያ መንግሥታት በ2024 ብሪዝበን ላይ አንድ ትልቅ እንዲሠራላቸው ለአንድ ኩባንያ 940 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የመደቡት ገና ስለሌለ ነው። የናንተን አምስት ሺህ ብር የሚያራባ ኳንተም የለም።

ሁለተኛ፣ «ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ እኛ መብራት እንኳን…» የሚሉ አሉ። ለእነሱ ያለኝ ክርክር የሚመስላቸው አይደለም። እኔም ቢሆን በፎቶን ኳንተም ኮምፒውተር ላይ ተወራረድ ብባል፣ በእኔ ዕድሜ ጠረጴዛዬ ላይ አይደርስም ብዬ ነው የምወራረደው። በሌላው ግን፣ አንጎልን አይተው በሚሠሩት በትንሽ ዋት በሚያስቡት ዕቃዎች፣ ገንዘቤን አስይዛለሁ። መብራት የሌለበት ቦታ ነው እኮ የሚያስፈልጉት! በባትሪ ለወራት የሚቆይ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ሳል ሰምቶ ወይም የሞተር ድምጽ ሰምቶ «ይሄ ጤነኛ አይደለም» የሚል ነገር ለማን ነው የሚጠቅመው? ለካሊፎርኒያ? ሃያ ስድስት ህዳሴ መሥራት የማይችል አገር በ20 ዋት ማሰብን ቢያጠና ቅንጦት አይመስለኝም።

«አንጎልን የመሰለ» የሚለውን ስም ግን አልወደውም። አንጎል እንዴት እንደሚያስብ ገና ሳናውቅ መሰልነው ማለት ድፍረት ነው። የ2024 የፊዚክስ ኖቤል ለጆን ሆፕፊልድ እና ለጄፍሪ ሂንተን ሲሰጥ ብዙ ሰው «ይሄ ምኑ ነው ፊዚክስ?» ብሎ ነበር። የሆፕፊልድ የ1982 ሥራ መነሻው የማግኔት ፊዚክስ ነው፤ ትንንሽ ማግኔቶች እርስ በርስ እየተያዩ ሲረጋጉ የረሳነውን ነገር እንደማስታወስ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ነው። የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ምዕራፎችን አገናኘ። የእኔ ሳፋ እና አስተውሎት እንዴት እንደሚገናኙ ማሰብ የጀመረው ደግሞ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር፣ ቁጭ በል ተባለ እንጂ።

ሦስተኛውን ለመምህራን ጓደኞቼ ነው የምጽፈው፣ አትቆጡኝ። የሞገድን ምዕራፍ በአንድ ፔሬድ እናልፈዋለን፤ ከፈተና ብዙ አይወጣበትም እንላለን። ቀመሩን ጽፈን፣ ሁለት ጥያቄ ሠርተን፣ ቀጣይ። ከላይ ያወራሁት ሁሉ ግን፣ ከባልዲው እስከ ቪየና፣ የዚያ ምዕራፍ ልጅ ነው። ቤተ ሙከራ የለንም የሚለውን ምክንያት እኔም ሃያ ጊዜ ብያለሁ፣ እውነትም ነው። ግን ያ ልጅ የጠየቀው ቤተ ሙከራ ስላለን አይደለም። በሳፋ ነው የጠየቀው። የጎደለው መልስ የሚሰጥ ዕቃ ሳይሆን «አላውቅም፣ እስቲ እንፈልገው» የሚል መምህር ነበር።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ስክሪኑን እየለጠፈ እያለ ይሄን ሁሉ ባይሆንም ግማሹን አወራሁለት። ይቅርታም ጠየቅኩት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው ያነሳሁት» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። የባልዲውን ስነግረው ግን እጁ ቆመ። «ሞተሩ ምን ያህል ነው?» አለኝ። ትንንሽ ናቸው አልኩት። ከጠረጴዛው ስር አንድ የብስኩት ካርቶን አወጣ። በውስጡ ከሞቱ ስልኮች የተፈቱ የቫይብሬሽን ሞተሮች፣ አንድ እፍኝ። ስልክ ሳይለንት ሲሆን የሚንቀጠቀጠው ነገር። ሌላ ካርቶን ውስጥ ካሜራዎች። «ይሄ ይሆናል?» አለኝ።

አሰብኩት። ሞተር አለ፣ ካሜራ አለ፣ ሳፋ አለ፣ ውሃ ከመጣ ውሃ አለ። የስክሪኑን ብር አልቀበልም ብሎ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ግማሹን ተቀበለ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ተቀጣጥረናል። «አዎ» እና «አይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለመለየት ነው የምንሞክረው፣ በአማርኛ። ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ የሞተሮቹ ጉልበት ለሳፋው የሚያንስ ይመስለኛል፣ እሱ ግን በጎድጓዳ ሳህን እንጀምር ብሏል። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ትንሿን ፕሮግራም የሚጽፍልን ሰው። ከድሮ ተማሪዎቼ መሃል ሶፍትዌር የተማራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ፎቶ ስትለጥፉ አያለሁ። ፓይተን የሚችል፣ ላፕቶፕ ያለው፣ ቅዳሜ ከተማ ውስጥ የሚሆን ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ። ቡና አለ።